ቁልፉ አንገቴ ላይ፣ ጓጉንቸሩ ውጭ

በሕይወቴ ስንት በር ዘግቻለሁ፣ ስንቱንስ ከፍቻለሁ። ቁልፉ እዚህ ደረቴ ላይ ተንጠልጥሎ እያለ በር የተቆለፈብኝ ግን አንድ እሁድ ብቻ ነው። እሱን ላጫውታችሁ። ነገር ማሳጠር አልችልበትም፤ ልጄም በዚህ ሁልጊዜ ይስቅብኛል። የቸኮለ ካለ ከአሁኑ መንገዱን ጨርቅ ያድርግለት።

ስሜ አስቴር ነው። በከተማችን በዚህ ስም የሚጠራኝ ግን ከጎረቤቴ ከጋሽ በቀለ በቀር የለም፤ ትንሹም ትልቁም "ማዘር" ነው የሚለኝ። ከሚዛን ተፈሪ ወደ ቴፒ ስትሄዱ መኪናው ፍጥነቱን እንኳ ሳይቀንስ የሚያልፋት አንዲት ትንሽ ከተማ አለች፤ የእኛ ናት። ያላት ቡናና እሸት ነው። እሸት የእግር ኳስ ክለባችን ነው። እኔ የእሸት ትጥቅ ያዥ ነኝ። ማሊያ አጥባለሁ፣ የተቀደደ ካልሲ እሰፋለሁ፣ ጭቃ የያዘ ታኬታ ይዞ የገባ ተጫዋች ካለ ጆሮውን እቆነጥጣለሁ። አምበሉ የገዛ ልጄ ታደለ ነው። ልጄ ነው ብዬ አላዳላለትም፤ እንዲያውም የእሱን ጆሮ ጠበቅ አድርጌ ነው የምይዘው።

የክለቡ ንብረት ያለው ከሜዳው ዳር በቆመ አሮጌ ኮንቴነር ውስጥ ነው። መስኮት የለውም፤ አንድ የብረት በር፣ በሩ ላይ አንድ ትልቅ ጓጉንቸር፣ አለቀ። ከላይኛው ጎል ጀርባ ደግሞ የሰፈሩ ሰው ቡና የሚያደርቅበት አልጋ ተደርድሯል። ታኅሣሥ ሲገባ ቀዩ ቡና ይለቀምና አልጋው ላይ ይሰጣል፣ ከነገለባው ደርቆ ጀንፈል እስኪሆን ድረስ ይገላበጣል። ችግሩ የእኛ አገር ሰማይ አይታመንም። በበጋም ቢሆን ፀሐይዋን እያያችኋት ይዘንባል። እንደገና የረጠበ ቡና ይሻግታል፤ የዓመት ልፋት ገደል ገባ ማለት ነው። ስለዚህ ሸራ ያስፈልጋል። ሸራውን ደጅ ካሳደሩት ይሰረቃል፣ በሰፈሩ በደንብ የሚቆለፈው ደግሞ የእኛ ኮንቴነር ብቻ ነው። እናም የሰፈሩ ሸራ በሙሉ የሚቀመጠው ከማሊያችን ጋር ነው፤ በምትኩ ቡናው ሲደርቅ እያንዳንዱ ቤት ለክለቡ ትንሽ ትንሽ ይሰጣል። የኮንቴነሩ ቁልፍ ሁለት የሆነውም ለዚህ ነው፤ አንዱ እኔ አንገት ላይ፣ ሌላው የቡናው ጠባቂ ጋሽ በቀለ ኪስ ውስጥ።

አንድ ሕግ ደግሞ አለኝ፤ ወይም ነበረኝ። ጓጉንቸሩን ተከፍቶ፣ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ያየ ሰው ማንንም ሳይጠይቅ ቀጭ አድርጎ ይዝጋው። ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ አይቶ ያለፈውን የምሰድበውም እኔ ነኝ። የገዛ ሕጌ ዞሮ እኔኑ እንደሚበላኝ ማን ነገረኝ?

ያን እሁድ የዓመቱ የመጨረሻ ጨዋታ ነበር። የገጠመን ከማጂ በኩል የመጣ ጠንካራ ቡድን ነው። አቻ ብንወጣ እንኳ ወደ ላይኛው ምድብ እናልፋለን፤ እሸት ከተመሠረተ ጀምሮ እዚያ ደርሶ አያውቅም። ከቤተ ክርስቲያን የወጣው ሰው ቤቱ ሳይገባ መጽሐፍ ቅዱሱን በብብቱ ይዞ ነው የመጣው። ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ዜሮ ለዜሮ ነበርን። እኔ የውሃ ጀሪካኔን ይዤ ከጎላችን ጀርባ ቆሜያለሁ። የማዕዘን ምት ተሻማ። ታደለ ከሁሉም በላይ ዘለለ፤ ኳሷ ግን ጭንቅላቱን አለፈችና ወደ ላይ የዘረጋውን እጁን ነክታ ወጣች። ፊሽካ ተነፋ። ዳኛው ጣቱን ወደ ፍፁም ቅጣት ምቱ ነጥብ ቀሰረ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ገምቱት። ታደለ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አልነካችኝም ብሎ ማለ፣ ሕዝቡም አብሮት ማለ። ምቱ ገባ። ትንሽ ቆይቶ የመጨረሻው ፊሽካ ሲነፋ ሰዉ አጥሩን ጥሶ ሜዳውን ሞላው። የነበረን ፖሊስ አንድ ነው፤ እሱም እንግዶቹን ተጫዋቾች እንደምንም መኪናቸው ውስጥ አስገብቶ እስከ ከተማው መውጫ ሊሸኛቸው አብሯቸው ሄደ። የመስመር ዳኞቹ ቅርብ ስለነበሩ ዘለው አብረው ገቡ። የመሐል ዳኛው መሐል ላይ ቀረ።

እኔ ኳሶቹን ለመክተት ኮንቴነሩን ከፍቼ ገብቼ ነበር። ጓጉንቸሩን እንደ ልማዴ በሩ ላይ አንጠልጥዬዋለሁ። ዞር ስል ቢጫ የለበሰ ልጅ እያለከለከ ገብቶ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ። ጉልበቱ ይደማል፣ ፊሽካውን በጣቶቹ መሐል ጨምቆ ይዟል። እኔም አስቤበት አይደለም፣ በሩን ሳብ አድርጌ ገጠምኩት። ወዲያው ከውጭ የሰው ኮቴ ሰማሁ። ከዚያ ቀጭ።

ኋላ እንደነገረኝ ጋሽ በቀለ ነበር። አስቴር ዛሬ በንዴት ጓጉንቸሩን ሳትዘጋ ሄደች ብሎ፣ ሕጌን አክብሮ ዘግቶልኝ ወደ ቡናው አለፈ። ልጣራ አፌን ስከፍት ከኋላው የብዙ ሰው ሩጫ መጣ። ቡና ተክሉ ውስጥ ገብቷል፣ ከዚያ አይወጣም ይላሉ። ልጁ በዐይኑ ለመነኝ። አፌን መልሼ ዘጋሁ።

እንግዲህ ሁኔታችንን አስቡት። ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው፣ ጓጉንቸሩ ውጭ ነው። ብጣራ የሚከፍቱልኝ እነዚያው ልጁን የሚፈልጉት ሰዎች ናቸው። ዝም ብል ፀሐይዋ ብረቱን ታግለዋለች፣ እኛም ውስጡ እንቀቀላለን። የውሃ ጀሪካኔ ከጎሉ ጀርባ ቀርታለች። ብርሃን የሚገባው ብሎን ወልቆባት ከቀረች አንዲት ቀዳዳ ነው። የላብ፣ የታኬታና የመታሻ ቅባት ሽታ አፍንጫ ይሰነፍጣል። ስንት ዓመት የገባሁበት የወጣሁበት ቤት ነው፤ እንዲህ ጠባብ መሆኑን ያን ቀን ገና አወቅሁ።

ልጁን ጥግ ላይ በተቆለሉት ሸራዎች ላይ አስቀመጥኩትና ጉልበቱን በንፁህ ካልሲ አሰርኩለት። በሹክሹክታ ስሙን ጠየቅሁት። ሙባረክ ይባላል። ቤታቸው ሚዛን ነው፤ አባቱ የጨርቅ ሱቅ አላቸው፣ እሱ ሱቁን እያገዘ ቅዳሜና እሁድ ያጫውታል። የታደለ እኩያ ነው። እናቱ ይህን ዳኝነት ተወው እያለች ስንቴ እንደለመነችው ነገረኝ። እውነቷን ነው አልኩት። ሊስቅ ፈለገ፣ ሳቁ አልወጣለትም።

"ቢያገኙኝ ምን ያደርጉኛል?" አለኝ።

ልዋሸው ፈልጌ ነበር። ግን እንዲህ ተዘግቶበት ላለ ሰው ውሸት ምን ያደርግለታል? የክለባችንን ታሪክ ነገርኩት። ከእሸት በፊት ይህች ከተማ ሌላ ክለብ ነበራት፤ ነበልባል ይባላል። የመሠረቱት የቡና እርሻ ሠራተኞች ናቸው። ከሥራ ሲወጡ ቡና የሚሰጣበትን ቦታ ጠርገው፣ በድንጋይ ጎል ሠርተው ነው የጀመሩት። ጌታ የወሰደው ባለቤቴ ጳውሎስ የግራ ክንፍ ነበር፤ እኔም ዐይኔን የጣልኩበት እዚያው ነው። አንድ ቀን ከሕዝቡ መሐል ድንጋይ ተወረወረና ዳኛውን ፊቱ ላይ መታው። ሰውዬው አንድ ዐይኑ ጠፋ። ነበልባልም ያኔውኑ ታግዶ ፈረሰ። ሜዳው ላይ በቆሎ ተዘራ።

"ማን ነው የወረወረው?" አለ ሙባረክ።

አይታወቅም አልኩት። የከፋውም ይኸው ነው። የተጠየቀው ሁሉ እኔ አይደለሁም አለ። ሰው አብሮ እየሠራ፣ አብሮ እየቀበረ፣ አንዱ ሌላውን በሆዱ እየጠረጠረ አረጀ። ጳውሎስ እንኳ የልጅነት ጓደኛውን ሲያይ ፊቱ ጥቁር ይል ነበር። እንዲህ እንዲህ ሲል ብዙ ዓመት አለፈ፤ የከተማው ጎረምሳ በጫትና በካርታ አለቀ። በመጨረሻ ጳውሎስ አንድ ጆንያ ይዞ በየቤቱ ዞረ። ገንዘብ አልጠየቀም፤ አንድ አንድ እፍኝ ቀይ እሸት ስጡኝ ነው ያለው። የሰጠው ሰጠ፣ ያልሰጠው ሰደበው። በተሰበሰበው ቡና ኳስና ማሊያ ተገዛ፣ ክለቡም እሸት ተባለ። ከዞኑ ፈቃድ ሲሰጡን ግን አንድ ነገር ነው ያስጠነቀቁን፤ በዚህች ከተማ ዳግመኛ ዳኛ ከተነካ ክለብ የሚባል አይኖራችሁም።

ሙባረክ የታሰረ ጉልበቱን ዳበሰ። ከዚያ ፊሽካውን እያየ፣ እኔን ሳያይ፣ "ከጎሉ ጀርባ ነበሩ አይደል? እርስዎ አይተዋል?" አለኝ።

"አይቻለሁ። ኳሷ እጁን ነክታለች።"

ልጁ ፊቱን በክንዱ ሸፍኖ አለቀሰ። ያ ሁሉ ሰው አልነካም ሲል ራሱን መጠራጠር ጀምሮ ነበር ለካ። ልጄ መሆኑን ገና አልነገርኩትም። እንዴት ብዬ ልንገረው?

ቡና ተክሉ ውስጥ ፈልገው ያጡት ሰዎች ተመለሱ። የት ቢቀመጡ ጥሩ ነው? በኮንቴነሩ ጥላ ሥር። የፈሩት ይደርሳል ማለት ይሄ ነው። በቀዳዳዋ አጮለቅሁ። ጎማ የምንለው ጎማ ጠጋኝ ከሁሉም በላይ እየጮኸ ይፎክራል፤ መንገዱ ሁሉ ተይዟል፣ ወደ ሚዛንም ወደ ቴፒም ማለፍ የለም ይላል። ታደለ ማሊያው ላይ ጃኬት ደርቦ መጣ። የጃኬቱ ኪስ በአንድ በኩል ከብዶ ወርዷል። በኪሱ ምን እንዳለ ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም። መጣና ጀርባውን ብረቱ ላይ ጥሎ ቁጭ አለ፤ ግድግዳው ድም አለ።

"ከተገኘ ማንም እንዳይነካው። ለእኔ ተዉት" አለ።

በእኔና በልጄ ጀርባ መካከል ያለው አንድ ስስ ብረት ነው። ትንፋሹ ይሰማኛል። የታደለን ድምፅ ሲያተኩሰው አውቀዋለሁ፣ ሲዋሸኝ አውቀዋለሁ፣ አባቱ የሞተ ለት አውቀዋለሁ። ይህን ድምፁን ግን ሰምቼው አላውቅም። አሁን በሩን ሰብሮ ገብቶ ይህን ልጅ ቢመታው፣ ክለቡ ይፈርሳል፣ የአባቱ ድካም ውሃ በላው፣ እሱም ወህኒ ይወርዳል። ይህ የማላውቀው የሰው ልጅም ዐይኑን ይዞ ላይመለስ ነው። ወይ ጌታ ሆይ፣ እናት ሁለት ልጅ በግራና በቀኝ ይዛ እንዲህ ትታሰር?

አንኳኩቼ ታደለ ብለው ይሰማኛል? ብቻውን ቢሆን ይሰማኝ ይሆናል። ከነጎማ ጋር ግን ሰው ብቻውን የሚያስበውን አያስብም። እጄን አነሳሁ፣ መልሼ አወረድኩት። ላቤ ከአገጬ ላይ ይንጠባጠባል።

በዚህ መሐል ታደለ ተነስቶ "ማዘርን አይታችኋታል?" ብሎ ጠየቀ። ማንም አላየኝም። ስልኩን አወጣ።

የእኔ ስልክ የት አለ? ጉያዬ ውስጥ ነዋ! ጩኸቷ ደግሞ የመኪና ጡሩምባ ነው፤ እኔው ነኝ በገበያ እንዲሰማኝ ብዬ እንዲህ ያስደረግኋት። ላጠፋት ጎተትኳት፣ ከእጄ አምልጣ ብረቱ ላይ ወደቀችና እዚያው ሆና አናፋች። ሙባረክ በሆዱ ተኛባት። ውጭ ወሬው ቀጥ አለ።

"ስልክ ነው። ውስጥ ነው" አለ ጎማ።

አንድ ሰው በሩ ድረስ መጥቶ ጓጉንቸሩን ሲነቀንቀው ሰማሁ። ከዚያ ታደለ እንደ መሳቅ አለና፣ ማዘር እኮ ስልኳን ሁልጊዜ እዚህ ነው የምትረሳው፣ ተቆልፏል አይደል እንዴ አለ። እውነት ነው፤ እረሳዋለሁ። ዝርክርክነቴ በዕድሜዬ አንድ ቀን ጠቀመኝ። ሁላቸውም ተመልሰው ተቀመጡ። ሙባረክ ከሆዱ ሥር ስልኬን አውጥቶ ሲሰጠኝ ስክሪኑ ላይ "ልጄ ታደለ" የሚል አነበበ። ቀና ብሎ አየኝ። አሁን ገባው። ራሴን ነቀነቅሁለት። ከእኔ ራቅ ብሎ ይቀመጣል ብዬ ነበር፤ ቦታውን አልቀየረም። ስልኬን ዘጋኋት፤ ጋሽ በቀለ ስልክ አይዝም፣ ለሌላ ሰው ብደውል ደግሞ ድምፄ በብረቱ ያልፋል።

ስንት ሰዓት እንደቆየን አላውቅም። ሙቀቱ ልብ ያጠፋል። የልጁ ከንፈር ደርቆ ነጭ ሆነ። እኔ እንደሆነ አንድ ጸሎት ብቻ ቀርቶልኛል፤ ጌታ ሆይ ዝናብ ላክ፣ ዝናብ ላክና ይህን ሕዝብ በትንልኝ እላለሁ። ያላልኩት ቃል የለም። ድንገት በቀዳዳዋ የሚገባው ብርሃን ደበዘዘ። ነፋስ የሜዳውን አቧራ አምጥቶ ብረቱ ላይ ረጨው። የዝናብ ሽታ ሸተተኝ። ተመስገን ብዬ ወደ ሙባረክ ዞርኩ።

የተቀመጠበትን አየሁ። ሸራው ላይ ነው።

ዝናብ ሲመጣ ይህ ሰው ወደየቤቱ አይሄድም። ዝናብ ሲመጣ ሁሉም፣ ትልቁም ትንሹም፣ ሸራ ሊያወጣ የሚሮጠው እዚህ ነው። እኔ ሰዉን በትንልኝ ብዬ የለመንኩት ዝናብ በሩን ሊያስከፍትብን መጣ። ከሩቅ የጋሽ በቀለ ድምፅ ተሰማ፤ ሸራ፣ ሸራ እያለ ቁልፉን ይዞ ይሮጣል። የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ጣሪያው ላይ ጠብ ጠብ አሉ።

የማስቢያ ጊዜ አልነበረኝም፤ ኖሮኝም ቢሆን የማደርገው እሱኑ ነው። ከተንጠለጠሉት ማሊያዎች አንዱን ቀይ የእሸት ማሊያ አውርጄ በቢጫው ላይ አጠለቅሁለት። የሸራውን ጫፍ እጁ ላይ አስጨበጥኩት።

"ስማኝ ልጄ። በሩ ሲከፈት ቀድመህ ውጣ። ቀና አትበል፣ ሸራውን ይዘህ ወደ ቡናው ሩጥ። ማንም ቢይዝልህ አብረኸው ዘርጋ። እንዳትለቅ" አልኩት።

በሩ ተከፈተ። ጋሽ በቀለ እኔን ሲያይ አፉ ተከፍቶ ቀረ። "አስቴር፣ ምን ትሠሪያለሽ?" ሳይለኝ በፊት፣ ያዝ እንጂ ምን ይገትርሃል ብዬ አንዱን ሸራ ደረቱ ላይ ወረወርኩለት። ሰዉ ተጋፍቶ ገባ። ማንም ማንንም አላየም። ቡናው ሊረጥብ ሲል የእኛ ሰው ዐይኑ ሸራ ብቻ ነው የሚያየው፤ የተጣላውም፣ የተካሰሰውም አብሮ ይጎትታል። ከጥንት ጀምሮ እንዲህ ነው፤ ያን ሰዓት ቂም አይነሳም። ሙባረክ ትልቁን ሸራ እየጎተተ በሰዎቹ መሐል ወጣ። እኔም ተከትዬ ወጣሁ።

ነፋሱ ሸራውን ነጥቆ ሊወስደው ያናውጠዋል። አንድ ሰው ሌላኛውን ጫፍ ሊይዝለት ከወዲያ በኩል ሮጦ መጣ። ታደለ ነው። ሁለቱ ሸራውን ግራና ቀኝ ይዘው በአልጋው ላይ ዘረጉት፤ ዝናቡ ፊታቸውን ይገርፋል። ታደለ ቀና ሲል የያዘለትን ሰው አየ። ከእጁ አንጓ ላይ በገመድ የተንጠለጠለውን ፊሽካ አየ። ሙባረክም አየው። አንዱ ቢለቅ ሸራው ይበራል፣ ከሥሩ ያለው ደግሞ የእኛው የቤታችን ቡና ነው።

"እንዳትለቅ" አለ ታደለ።

ሙባረክ አልለቀቀም። ሸራው በነፋስ እንዳይነሳ ጠርዙ ላይ ድንጋይ መጫን አለበት። ታደለ ዙሪያውን ቃኘ፤ ከዚያ እጁን ወደ ጃኬቱ ኪስ ሰደደ። ድንጋዩን አወጣ፣ በእጁ ያዘው፣ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ሸራው ጠርዝ ላይ አስቀመጠው። ሙባረክም ከአጠገቡ ሌላ ድንጋይ አንስቶ በእሱ በኩል ጫነ።

ቡናው ከተሸፈነ በኋላ ሰው ሁሉ በዝናቡ ውስጥ እያለከለከ ቆመ። ያኔ ነው ጎማ ሙባረክን ያወቀው። ዳኛው፣ ዳኛው እያለ ጮኸና ወደ እሱ መጣ፤ ሌሎቹም ዞሩ። ታደለ መሐላቸው ገባ።

"ተወው ጎማ" አለ። "ኳሷ እጄን ነክታኛለች። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።"

ያ ሁሉ ሰው ስለ እሱ ምሎ ነበር። ጎማ መሬት ላይ ምራቁን ተፍቶ ዞሮ ሄደ። ሌሎቹም አንድ በአንድ ተከተሉት፤ ታደለን በትከሻቸው እየገፉት ያለፉ ነበሩ። ጋሽ በቀለ ሙባረክን በጃንጥላው አስጠልሎ ወደ ቤቱ ወሰደው። እኔ ውሃ በጣሳ ይዤ ተከተልኩ፤ ጠጣ ጠጣና ሌላ ጠየቀኝ። ፖሊሱ ተመልሶ ሲመጣ ወደ ሚዛን በሚሄድ መኪና አሳፈርነው። ማሊያውን ሊያወልቅ ሲል ተወው አልኩት።

በነገታው ሁሉም ሰው ታደለን አቀፈው ብዬ ብነግራችሁ ደስ ይለኝ ነበር። አላቀፉትም። ለወራት ሻይ ቤት ሲገባ ወሬ ይቆም ነበር። ገበያ ላይ ለእኔ ፊታቸውን ያዞሩብኝ ሴቶች ነበሩ፤ ልጅሽ ምናለ ዝም ቢል ያሉኝም አሉ። አምበልነቱን ራሱ መለሰ። አሁን ይጫወታል፣ ያው ተከላካይ ነው። ወደ ላይኛው ምድብም እስካሁን አላለፍንም። ግን ክለብ አለን። በዚህ ዓመትም ማሊያ እያጠብኩ ነው።

እኔን ምን ለወጠኝ ብላችሁ ትጠይቁኝ ይሆናል። ብዙ ሌሊት ያሰብኩበት ነገር አለ። በሩ ባይቆለፍብኝ ኖሮ የት እሆን ነበር? እውነቱን ልንገራችሁ፣ ውጭ ነበር የምሆነው፤ ኳሷ እጁን ስትነካው አይቼ እያለ ከእነጎማ ጋር አልነካችውም እል ነበር። ከብረቱ ወዲህ በመሆኔ ብቻ ነው ያ ጩኸት ለሚጮኹበት ሰው እንዴት እንደሚሰማው ያወቅሁት። ከዚያ ወዲህ ሰው ተሰብስቦ በአንድ ድምፅ ሲጮህ ስሰማ ልቤ ቀድሞ የሚሄደው ወደ ተዘጋበት ሰው ነው። እናንተም በየሰፈራችሁ፣ በየመሥሪያ ቤታችሁ እንዲህ ያለ ጩኸት አይጠፋም፤ አንዴ ከወዲያኛው በኩል ቆማችሁ ስሙት።

ባለቤቴ ጳውሎስ የዚያን የጥንቱን ድንጋይ ወርዋሪ ሳያውቅ ሞተ። በሁለቱም ክለቦች ታሪክ ውስጥ ሰው ፊት ቆሞ እኔ ነኝ ሲል የሰማሁት አንድ ሰው ነው፤ እሱም ከሆዴ የወጣ ነው። ስለዚህ ያን ዓመት ተሸነፋችሁ የሚለኝ ካለ አልከራከረውም፤ ያገኘሁትን እኔ አውቃለሁ።

ኮንቴነሩ አሁንም እዚያው ነው። ከከተማ ውጭ የመጡ ዳኞች ልብሳቸውን የሚቀይሩት እዚያ ውስጥ ነው፤ ሙባረክም ሁለት ጊዜ መጥቶ አጫውቶናል። በሩ ከውስጥ የሚከፈት መቀርቀሪያ ተገጥሞለታል፤ የበየደውም ጎማ ነው፣ ማንም ሳይጠይቀው የብየዳ ማሽኑን ተሸክሞ መጣ። ሕጌንም ትንሽ አሻሽያለሁ። ጓጉንቸሩን ተከፍቶ ካያችሁት አሁንም ዝጉት። ከመዝጋታችሁ በፊት ግን አንዴ አንኳኩ።